ሞዴሉ ላይ የሌለው

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ፣ ውጫሌ ዳር ግንባታው ሊያልቅ ሲል የተዘረፈውን ጤና ጣቢያ ሊመዘግብ የመጣው መሐንዲስ ስሙን ለማንም አልተናገረም። ጫማው ላይ አቧራ እንዲያርፍ አይወድም። የላፕቶፑን መስታወት የሚወለውለው ግን በአንዲት የሕፃን ካልሲ ነው። ዘበኛው ሙዘይን የካልሲዋ ጥንድ የት እንደቀረች ሊጠይቀው ፈልጎ አፉን ያዘ።

ላፕቶፑ ውስጥ፣ ሞዴል በሚሉት ሥዕል ላይ፣ ሕንፃው ምንም ሳይጎድለው ቆሟል። እያንዳንዱ በርና ቧንቧ መቼ እንደተገጠመ፣ ስንት ዓመት አገልግሎ መቼ እንደሚነቀል ተጽፎለታል። መሐንዲሱ ክፍል በክፍል እየዞረ የሌለውን «የለም» ይላል፤ ድምፁ አይለወጥም።

ከጓሮ ድንጋይ የተከበበ የአፈር ክምር አለ። ሌላው ዘበኛ አብዱልከሪም በሩ ላይ ተመቶ፣ ተኩሱ እመቃብር ስፍራ አላደርስ ቢል እዚያው ተቀብሯል። መሐንዲሱ በዚያ ባለፈ ቁጥር ክምሩን ዞሮ ያልፋል። ሙዘይን ይህን ሲያይ ከረመና አንድ ቀን ደፈረ።

«እሱንም እዚያ ሞዴል ላይ ያስገቡልን። እኛ ዘንድ የተቀበረ አይነቀልም።»

«ሞዴሉ ላይ እዚህ ቦታ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ነው» አለ መሐንዲሱ ቀና ሳይል። «ዕቅዱ ከጦርነቱ በፊት የገባ ነው። ሰኞ ይቆፈራል።»

«አንቱም እኮ አንድ ቀን አልረገጡትም።»

መሐንዲሱ መስታወቱን ወለወለ፤ ካልሲዋን በቀስታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ።

«አፈሩ ገና ልል ነው፣ ጫማ ያበላሻል» አለ። «ለቁፋሮ ግን ይመቻል።»