እናቴን ያላወረድሁበት መንገድ

ጎንደር ውስጥ መኪናዬን የማያውቅ የለም ብል ብዙ አላጋነንሁም። ስለ ውበቷ አይደለም፣ ስለ ጩኸቷ ነው። በፒያሳ በኩል ሳልፍ ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ቀና ይላል። አራቱም ጎማዋ የሚጎትት አሮጌ ፎርዊል ናት፤ በዕድሜ ከእኔ የምታንሰው በጥቂት ዓመት ነው። ቱሪስት ወደ ስሜን ተራሮች ሳመላልስባት ጥቂት ነገር ጨምሬባታለሁ። ባሌስትራዋ ላይ ተጨማሪ ብረት አስደርቤ ከፍ አደረግኋት፣ ጎማዋን በሰፋፊ ቀየርሁ፣ ድንጋይ ሆዷን እንዳይመታት ከሥር ላሜራ አስበየድሁ። ሌላው ሌላው እንደተፈጠረች ነው።

ቱሪስት ከቀረ ወዲህ ዋና ሥራዋ ኮሶዬ መመላለስ ሆነ። እናቴ የምትኖረው እዚያ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይቷን፣ ጨውዋን፣ የጉልበቷን መድኃኒት ይዤ እወጣለሁ፤ እሷም የመኪናዋን ድምፅ ከሩቅ ለይታ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ጉልበቷን ከያዛት ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ከበር እስከ አጥር ለመድረስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች፤ በቅሎ ላይ መቀመጥማ የማይታሰብ ነው።

ታናሽ ወንድሜ መነኩሴ ነው፤ ከአዲ አርቃይ ወደ ቆላ ወርዶ በረሃ ውስጥ ባለ ገዳም ይኖራል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ጠበል ልጠመቅ ብሎ ሄዶ በዚያው ቀረ። ሲመነኩስ እንደ ሥርዓቱ ፍትሐት ተደግሞለታል፤ ለዓለም ሞቷል ማለት ነው። እናቴ ይህን የሰማች ጊዜ ለቅሶም ደስታም ሆኖባት ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። ከዚያ ወዲህ የገዛ ልጇን «አባ» እያለች በአንቱታ ነው የምታነሣው። ይህን ስሰማ ሣቄ ይመጣል፤ ንዴቴም አብሮት ይመጣል። እርሻውን፣ ከብቱን፣ እሷንም ጭምር እኔ ላይ ጥሎ የሄደው እሱ፤ አንቱ የሚባለውም እሱ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ መድኃኒቷን ሳቀብላት እጄን ያዘችኝ።

«እንደው አባን አንድ ጊዜ አይቻቸው ብሞት ምን አለበት?» አለችኝ።

«እማ፣ እዚያ ሴት አይገባም።»

«እኔ መች ልግባ አልሁ? አንተ ከድንበሩ ታደርሰኛለህ፣ እሳቸው ብቅ ይላሉ። መኪናዬ ሸጋ ናት ስትል አልነበር? ያን ሁሉ ገደል ስትወጣ የኖረች፣ ምነው የኔ ጊዜ ይቸግራታል?»

እናቴ ለራሷ የሆነ ነገር ስትለምን በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ለመካኒክ አሳይቼ እነግርሻለሁ አልኋት።

መካኒኩ ሽማግሌ ናቸው፤ በጉልምስናቸው ሰሊጥ ሲያመላልሱ ስለኖሩ ያን ቆላ ጠንቅቀው ያውቁታል። ከመኪናዋ ሥር ገብተው ባሌስትራዋን በመዶሻ መታ መታ አደረጉና በጀርባቸው እንደተኙ አናገሩኝ።

«የዳገት መኪና አድርገሃታል። ባሌስትራዋ ደርቋል። ያ መንገድ ድንጋዩ ሲያልቅ የወንዝ አሸዋ ነው፤ ጎማዋን እንዲህ ጠጠር አድርገህ ከገባህ ትቀበራለች። ራዲያተሯም አርጅቷል፣ ሙቀቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም።»

«አትሆንም ነው የሚሉኝ፣ አያ?»

«አትሆንም አልወጣኝም። ራዲያተሯን አሳጥብ። አሸዋው ጋ ስትደርስ ጎማዎቹን አስተንፍስና በሁለተኛ ማርሽ ሳትቆም እለፍ። እናትህን ከፊት አስቀምጣት፣ ከኋላ ይንጣታል። ማለዳ ከተነሣህ ትገባለህ።»

አመስግኜ ወጣሁ። ፈራሁ ብል ግማሹን መናገሬ ነው። የደጋ ሰው ነኝ፤ ገደል ለምጃለሁ፣ አሸዋ ግን አላውቅም። ዕድሜዬን ጎማ ሳስነፋ እንጂ ሳስተነፍስ አልኖርሁም። በዚያ ሙቀት መሀል መኪናዋ ቆማ፣ እናቴ ፊት ወንበር ላይ ስትዝለፈለፍ ታየኝ። ይህ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ቅናት ነበር። በየሳምንቱ የምመጣውን እኔን ትታ አሥራ አንድ ዓመት ያልመጣውን ናፈቀች ብዬ ተቀየምሁ። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል የሚባለው በእኔ የደረሰ መሰለኝ።

ቅዳሜ ወጣሁና መካኒኩ ከነገሩኝ የፊት የፊቱን ብቻ ነገርኋት። «ለበረሃ አትሆንም አሉ» አልኋት።

በበሩ በኩል መኪናዋን አየቻት። «ምስኪን፣ እሷም እንደኔ ጉልበት ከዳት?» አለች።

ፋሲካ ይለፍና አስጠግኜ እንወርዳለን ብዬ ቃል ገባሁላት። «ይሁን» አለች። ደግማ አላነሣችውም። ብትጨቀጭቀኝ ኖሮ ተናድጄም ቢሆን እወስዳት ነበር። እሷ ግን እንዲያ ያለች ሰው አልነበረችም።

ፋሲካን አላየችም። ደብረ ዘይት ባለፈ በማክሰኞው ጠዋት ጎረቤት በሯን ቢያንኳኳ ዝም አለች። ከእኔ በፊት ሰው ነው ያገኛት። ቀብሯ ላይ የተባለውን ሁሉ አደረግሁ፣ ሰው አስተናገድሁ፣ ድንኳን አስተከልሁ። ዕንባ ግን አልመጣልኝም።

ከሠልስቷ በኋላ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ጠሩኝ። «አባን እናርዳቸው እንጂ። ከመንገደኛ አፍ ሊሰሙት አይገባም» አሉ። ስልክ እዚያ አይሠራም፤ ቢሠራም መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አንድ ሰው ብቻውንም አይነግረውም። ስለዚህ አጎቴ፣ የእናቴ የነፍስ አባትና እኔ ሦስት ሆነን በነጋታው ማለዳ ተነሣን። መኪናዋ ትችላለች ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ራዲያተሩን እንኳ አላሳጠብሁትም ነበር፤ ሁለት ጀሪካን ውሃ ብቻ ጫንሁ።

ከአዲ አርቃይ ወዲያ ዋናውን መንገድ ትተን ቁልቁል ወረድን። ሙቀቱ እየጨመረ ሲመጣ ጋቢያችንን አወለቅን። ጥቁር ድንጋዩ እንደ ስሜን ድንጋይ ነው፣ መኪናዋ ታውቀዋለች። አሸዋው ጋ ስንደርስ ወርጄ አራቱንም ጎማ አስተነፈስሁ። ወንዙ ደርቋል፤ አሸዋው ቢበዛ ሦስት መቶ እርምጃ ይሆናል። በሁለተኛ ማርሽ ገባሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መሀሉ ላይ ስደርስ እንድትቀበር ተመኘሁ። ብትቀበር እኮ እናቴን የነገርኋት እውነት ይሆን ነበር። እሷ ግን እየጮኸች ተሻገረች። የሙቀቱ መርፌ ከግማሽ አላለፈም። ከፊት ወንበር የተቀመጡት አጎቴ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ መሻገራችንን እኔ ነኝ የነገርኋቸው።

ቀትር ሳይሆን ከገዳሙ ድንበር ደረስን። ሴት አልፎ የማይሄድበት አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ቆመን አባን ጥሩልን ብለን ላክን። ወንድሜ መጣ። ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል፤ ከእኔ የሚያንስ አይመስልም። ሦስት ሆነን ቆመን ሲያየን ገባው፤ እርምጃው ቀስ አለ። የነፍስ አባቷ ነገሩት። አማተበና መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እኛም አብረነው ተቀመጥን።

ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ጾሙ ሳይገባ እመጣለሁ ብላ በገበያተኛ ልካብኝ ነበር» አለ። «ቅበላውን ሳምንት ሙሉ እዚህ ዛፍ ሥር ስጠብቃት ሰነበትሁ። ምነው ቀረች?»

መላኳን አላውቅም ነበር። አጎቴ ቀደሙኝ፤ «መኪናዋ ለዚህ መንገድ አትሆንም ተብሎ ነው፣ አባ» አሉ፤ እኔ የነገርኋቸውን አምነው።

ወንድሜ ከኋላችን የቆመችውን መኪና አየ። አጎቴም ዞረው አዩዋት፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ተመለሱ። ዕንባዬ ያን ጊዜ መጣ።

«ትሆን ነበር፣ አባ» አልሁ። «መካኒኩ ትገባለህ ብለውኝ ነበር። ያላመጣኋት እኔ ነኝ።»