ዝም ብለው የማይቆሙት እናት

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ፎቶው ተነስቶ ተሰቅሏል፤ እኔ ግን ድንጋጤው አሁንም አይረሳኝም።

የጎረቤታችን የእማማ ሉባባ ልጅ ዘሃራ ወደ አረብ አገር ተመልሳ ልትሄድ ነው። ከዚህ በፊት እዚያ አራት ዓመት ስትቆይ እናቷ እጅ የነበረው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። እማማ ሉባባ በስልክ የሚታየውን ፎቶ ብለው አይቆጥሩትም። ከልጃቸው ጋር የቆሙበት፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ይፈልጋሉ። ለዚህ የተጠራሁት እኔ ነኝ።

ግጥም መጻፍም ፎቶ ማንሳትም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሁለቱንም በራሴ ነው የለመድኩት። ከዚህ የተነሳ ይሆናል፣ የካሜራው መዞሪያ ላይ ያሉትን፣ ብርሃንና ፍጥነት በራሱ የሚመርጥባቸውን ምልክቶች የሰነፍ ናቸው ብዬ እንቅ ነበር። ብርሃኑንም ፍጥነቱንም በእጄ ነበር የማስተካክለው።

ከሰፈራችን አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ስር አቆምኳቸው። ወደ ደሴ የሚወስዳት ሚኒባስ ሻንጣዋን ጭኖ መንገድ ላይ ይጠብቃል። ብርሃን ለካሁ፣ ቁጥር ቀየርኩ፣ አነሳሁ። ዘሃራ ጥርት ብላለች፤ የእናቷ ፊት ግን ስለተንቀሳቀሱ ደብዝዟል። ደገምኩ። አሁንም እማማ የልጃቸውን ሻሽ እያስተካከሉ ነበር።

«እማዬ፣ በአላህ፣ አንዴ ዝም ብለሽ ቁሚ!»

«ሬሳ ነኝ እንዴ ዝም ብዬ የምቆመው?»

ሾፌሩ ክላክሱን ነፋ። ረዳቱ «ሰርግ ነው እንዴ? እንሂድ!» ብሎ ጮኸ። ዘሃራ ወደ መኪናው ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

ያኔ ነው መዞሪያውን የሯጭ ምስል ወዳለበት ያዞርኩት። ለኳስ ጨዋታ የተሠራ ነው፤ የሚንቀሳቀሰውን ፈጥኖ ይይዛል፤ ጣት ከቁልፉ ላይ እስካልተነሳ ድረስም ደጋግሞ ያነሳል።

«እማማ፣ እንዳሻዎ ይሁኑ» አልኳቸውና ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩት። የልጃቸውን ጉንጭ ጠረግ አድርገው አንድ ነገር ሹክ አሏት። ሁለቱም ሳቁ። ዘሃራ ሮጣ ገባች።

መኪናው ሲርቅ ስክሪኑን ለማየት ፈራሁ። አንድ በአንድ አለፍኩ። አንዷ ላይ ሁለቱም እየሳቁ፣ የእናቷ እጅ ጉንጯ ላይ እንዳለ፣ ጥርት ብለው ወጥተዋል።

እማማ ሉባባ ካሜራውን ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት። «ውይ! የወለቀው ጥርሴ ሳይቀር ይታያል!» ብለው ተቆጡ። ተቆጡ እንጂ ካሜራውን ቶሎ አልመለሱልኝም።

ዛሬም ጊዜ ሲኖረኝ ሁሉን በእጄ አደርጋለሁ። ሊሄድ የቆመ ሰው ፊት ግን አልኮራም። መምረጡን ለካሜራው ትቼ ዓይኔን ሰዎቹ ላይ አሳርፋለሁ። ያቺ አንዷ ባትገኝ ኖሮ እኚያን እናት ምን እላቸው ነበር? ባሰብኩት ቁጥር እፎይ እላለሁ።