ለዓሣ የተመረመረ ውሃ

አባቴ ውሃ መመርመር የጀመረው ታላቅ ወንድሜ በተገደለ በዓመቱ ነው።

ያኔ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የቅርብ ጎረቤታችን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴን አስጠርቶ፣ "ልጁን ራስህ አምጣው። ለጥያቄ ብቻ ነው፣ ማታ ቤቱ ያድራል" አለው። አባቴ ሰው ያምናል። ወንድሜን ጋቢ አልብሶ፣ እጁን ይዞ፣ ዳገቱን አብሮት ወደ ቀበሌው ወጣ። ሦስት ሳምንት ስንቅ አመላለስን። ከዚያ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ሳህኑን ለእናቴ መልሶ "ከእንግዲህ አታምጪ" አላት። እናቴ አባቴን አንድም ቀን "አንተ ነህ" ብላ አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

አባቴ የአንድ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር። እዚያ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የመስታወት የዓሣ ገንዳና አራት ቀያይ ዓሦች ትቶለት ሄደ። ገንዳው ጉለሌ እኛ ቤት መጣ። ዓሦቹ ግን ውሃው እስኪዘጋጅ ድረስ ላቦራቶሪው ውስጥ በሳፋ ቆዩ። ፈረንጁ "ውሃ ጥርት ብሎ ስለታየህ አትመነው፣ መርምረው" ብሎት ነበር አሉ። አባቴ ይህን ቃል ቀኖና እንደተሰጠው ሰው ያዘው።

የቧንቧው ውሃ በረኪና በረኪና ስለሚሸት መጀመሪያ በበርሜል ያሳድረዋል። ከዚያ ወደ ገንዳው ይገለብጥና ጠዋት ጠዋት፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ከትምህርት ቤት ያመጣቸውን የሊትመስ ወረቀቶች ይነክራል። ቀይዋ ቀይ፣ ሰማያዊዋም ሰማያዊ እንደሆነች ከወጣች ውሃው ደህና ነው ማለት ነው። ሁልጊዜም ደህና ነበር። እሱ ግን አያምንም። በብርጭቆ ይቀዳና ወደ መስኮቱ አንሥቶ ያያል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ሁሉንም ደፍቶ እንደገና ይሞላል። ዓሣ የሌለበት ገንዳ አንድ ወር ሙሉ ቤታችን ተጎለተ። የጎረቤት ሰው በገባ በወጣ ቁጥር "ጋሼ፣ ዓሦችዎ ከባሕር ዳር ገና አልተሳፈሩም እንዴ?" እያለ ይቀልድበታል። እኔ ግን እበግን ነበር። ለአራት ዓሣ እንዲህ የሚጠበብ ሰው ያን ጊዜ ለልጁ የት ነበር? እላለሁ በልቤ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ጨካኝ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ "ነገ አመጣቸዋለሁ" አለና ፈገግ አለ። ፈገግታውን ካየሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ንዴቴ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ነገር ላደርግለት ፈለግሁ። ከእንጦጦ ከሚወርደው ወንዝ ለቅሞ ገንዳው ውስጥ ከታች ያነጠፈው ጠጠር አረንጓዴ ነገር ይዞ ያሙለጨልጫል። ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል፣ እኛ ቤት ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። እሁድ ጠዋት እናቴ ቅዳሴ፣ አባቴም ዓሦቹን ሊያመጣ ሲሄዱ ጠጠሩን አወጣሁና በተወቀጠ እንዶድ፣ ነጠላ እንደማነጣ አድርጌ አሸሁት። ሁለት ጊዜ አለቅልቄ መለስኩት። በረዶ መሰለ። በራሴ ደስ አለኝ።

አባቴ ባልዲውን አንጠልጥሎ ገባና ገንዳው ላይ ጎንበስ አለ።

"ዳር ዳሩን ያለው አረፋ ምንድን ነው?"

"ውሃ ስጨምርበት ነው" አልኩት። እንዲደነቅ እንጂ እንዲቆጣ አልፈለግሁም።

ወረቀቶቹን ነከረ። ደህና ነው። ዓሦቹን አንድ በአንድ በመዳፉ እያወጣ ለቀቃቸው።

ምሳ ሳንጨርስ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ከዚያ አንዱ በጎኑ ዞረ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ አራቱም አለቁ። አባቴ ወረቀት ይነክራል፣ ያያል፣ ሌላ ይነክራል። "ደህና ነው ይላል" ይላል ለራሱ። "ደህና ነው ይላል እኮ።"

እናቴ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና ጠጠሩን ምን አድርጌ እንዲህ እንዳነጣሁት ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

"ወይኔ ልጄን! እኛ አገር ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ሲያጥቡ ከታች ያለው ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል" አለችኝ። "ሂጂ ንገሪው። ይቺን እንኳ ከላዩ ላይ አንሺለት" አለች።

ገባሁ። "አባባ፣ ጠጠሩን በእንዶድ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ዓሦቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።"

ይመታኛል ብዬ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

"አንቺ ልጅ ነሽ፣ አላወቅሽም" አለኝ። "ባልዲው ውስጥ በሕይወት ነበሩ። በእጄ ይዤ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።"

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። በዚያ ዘመን እንደ ወንድሜ ለተገደለ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ያሳስር ነበር፣ እኛም እስከዚያ ቀን አልተቀመጥንም። መስኮቱን ዘጋች፣ በሩን ቀረቀረች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ወለሉ ላይ አባቴ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ ሦስታችንም፣ ጎረቤት እንዳይሰማን አፋችንን በጨርቅ ይዘን፣ ወንድሜን አለቀስነው።