የቀዩ ሽቦ ቋጠሮ

ሰፈሩ "አባባ ፊውዝ" ይላቸዋል። ሞተር ሳይክል ላይ ተጨማሪ መብራት፣ ክላክስና የስልክ ቻርጀር ይገጥማሉ። ጎበዝ ናቸው፤ ግን በጎልማሳነታቸው ያቃጠሉት ፊውዝ ቢሰበሰብ ጆንያ ይሞላል። ምክንያቱን ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። በሞተር ላይ ከባትሪ የሚመጣው ሽቦ ቀይ፣ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ አባባ ፊውዝ ደግሞ ቀይና አረንጓዴ መለየት አይችሉም። ሁለቱም ለዓይናቸው ያው አመድማ ነገር ናቸው። ኤሌክትሪክ ሠሪ ይህን ጉዱን ለማን ይናገራል?

የምታውቀው ልጃቸው ናት። እናቷ ከሞተች በኋላ ያደገችው እዚያችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ገና ፊደል ሳትቆጥር "አባዬ፣ ቀዩ ይሄ ነው" እያለች ታቀብላቸው ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ጭንቅ መጣ። ብልሃቱንም ያመጣችው እሷው ናት፤ ጠዋት ከመሄዷ በፊት ለዕለቱ ሥራ የተቆረጡትን ቀይ ሽቦዎች ከዚህም ከዚያም ጫፋቸው ላይ ትቋጥራለች። ጣት ቀለም አያሻውም። ከዚያ ወዲህ ፊውዝ መቃጠሉ ቀረ፤ ቅጽል ስሙ ግን የት ይቀራል!

አድጋ በሥራው ስትበልጣቸው፣ ሌላ ከተማ የራሷን ሱቅ ልትከፍት እንደሆነ ነገረቻቸው። ደስ ሊላቸው ሲገባ ፈሩ። የፈራ ሰው ደግሞ መቆጣት ይቀናዋል።

"ከሄድሽማ አባት አለኝ እንዳትዪ!"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሄደች። አሁን ሥራውን በቴስተር እየፈተሹ ይገፉታል። ቴስተሩ ከባትሪ የሚመጣው የትኛው ሽቦ እንደሆነ ይነግራቸዋል፤ "አባዬ" ግን አይልም። ትናፍቃቸዋለች። ስልኳን በቃላቸው ያውቁታል፤ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ይነኩና ይተዉታል። ምናልባት ረስታኝ ይሆናል፣ ብደውል ምን ልትለኝ ነው ይላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ዕቃ አመላላሽ አቧራ የለበሰ ሞተሩን እየነዳ መጣ።

"አባባ፣ ከወደቅኩ ወዲህ እነዚህ የጨመርኳቸው መብራቶች እምቢ አሉ። ሳይመሽ ወደ አገሬ ልመለስ፤ እባክዎ ይዩልኝ።"

መቀመጫውን ነቀሉ። ከሥሩ ያለው ሽቦ ጥንቅቅ ብሎ ተዘርግቷል። እጃቸውን ሰደዱና ቀጥ አሉ። ጣታቸው ቋጠሮ ነክቷል። ቴስተሩን አመጡ፤ ከባትሪ የሚመጣው ነው። ሽቦውን ተከትለው ሌላኛውን ጫፍ ዳበሱ። እዚያም ተቋጥሯል።

"ይሄን ማን ሠራልህ?"

"እኛ ጋ አንዲት ሴት አለች። አቤት እጇ! አንድ አመል ብቻ አለባት፣ ቀይ ሽቦ ካገኘች ሳትቋጥር አታልፍም። 'ቀይ መሆኑ እየታየ ምን ትቋጥሪዋለሽ?' ብላት፣ 'ለአንተ አይደለም' ብላ ሳቀችብኝ።"

አባባ ፊውዝ ሞተሩ ሥር ጎንበስ አሉ፤ እንባቸውን ሰው እንዳያይ። እሷ ቀለም አሳምራ ትለያለች፣ ቋጠሮ ምን ያደርግላታል? ይህ ቋጠሮ የሚያስፈልገው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። በየሞተሩ ላይ እያሰረች መንገድ ስትሰደው ኖራለች።

የተበጠሰውን ቀጠሉ፤ መብራቶቹ በሩ። ከእሷ ቋጠሮ አጠገብ የራሳቸውን ቋጠሩ። ከዚያ ደህና የነበረውን የስልክ ቻርጀር ፊውዝ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት።

"መብራቱ ሆኗል። ቻርጀሩ ግን አቃተኝ፤ የሠራችው ጋ ውሰደው።"

"ቻርጀሩ እኮ ቅድም ይሠራ ነበር!"

"አቃተኝ አልኩህ!" አሉ፣ በዕድሜያቸው ለደንበኛ ብለውት የማያውቁትን ቃል። ሰውየው ሞተሩን ሲያስነሳ መሪውን ያዝ አደረጉበት፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ።

"ልጄ... ስትደርስ እሷን እንዲህ በልልኝ፦ 'አባትሽን ያለ አንቺ አቅቶታል።'"