የእማሆይ ገበቴና የጎረቤቴ ጣሳ

መጀመሪያ ያየኋት ዋኔ በአክስቴ አጥር ሥር አፏን ከፍታ ቁጭ ብላ ነበር። ዋኔ የምለው ያችን አመድማ የዱር ርግብ ነው። ስጠጋት መብረር ነበረባት፤ አልበረረችም። ገብስ ከመሬት ታነሣለች፣ ልትውጥ ትሞክራለች፣ መልሳ ትጥለዋለች። በነጋታው እዚያው ሞታ አገኘናት። ሳነሣት ከላባ በቀር ምንም የያዝኩ አልመሰለኝም፤ የደረቷ አጥንት እንደ ቢላዋ ጀርባ ወጥቷል።

«ይኼ የሰው እጅ አለበት» አሉ አክስቴ።

ይህ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች በአንኮበር አልፈው ወደ ቆላ መውረድ በጀመሩበት ሰሞን ነው። ቤታችን ከከተማው ትንሽ ወረድ ብሎ ዳገቱን የተደገፈ ነበር። አክስቴ ባላቸው ከሞተ በኋላ ስለ መነኮሱ እማሆይ ነበር የምንላቸው። አንድ ልጃቸው ለአጨዳ ቆላ ወርዶ የወባ ንዳድ ያዘውና እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለልጃቸው ነፍስ ብለው ጠዋት ጠዋት ገብስ ለወፎች ይበትናሉ፣ በአሮጌ የቡኮ ገበቴም ውሃ ያኖሩላቸዋል። በጋ ሲመጣ ምንጩ ስለሚቀጥን የአካባቢው ወፍ ሁሉ እዚያች ገበቴ ላይ ይሰበሰባል። «ለደሀስ ለምን አይሰጡም?» ሲሏቸው፣ «ደሀ ሲመርቅ ዐይኑ ሌላ እንጀራ ይፈልጋል፤ ወፍ ግን በልታ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ነው» ይሉ ነበር።

ከእማሆይ አጥር ወዲያ ያለው ጎረቤቴ እኩያዬ ነው። አብረን ነው ያደግነው። ያን ዓመት ከረጪዎቹ ጋር ተቀጥሮ ቆላ ከረመና በገና ማግሥት ተመለሰ። ካኪ ሱሪ ለብሶ፣ ክዳን ያለው ትልቅ ጣሳ ይዞ መጣ። ጣሳው ላይ የፈረንጅ ጽሕፈት አለበት። እሱን ማንበብ የሚችል በሰፈሩ ስላልነበረ ሁላችንም እንደየፍርሃታችን አነበብነው።

ዲዲቲ የሚባለውን ነገር ሁሉም በወሬ ያውቀዋል። ግድግዳው ላይ ሲረጩት ትኋኑም ዝንቡም ይረግፋል፤ አንዳንድ ቤት ድመት ሞተች፣ ዶሮ ሞተች ይባላል። እንግዲህ ሰውዬው ከዚያ መጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ዋኔዎች መሞት ጀመሩ። ምንጭ ዳር ሴቶቹ ይህንን ከዚያ ጋር ለማገጣጠም ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ከእሱ ጣሪያ ተነሥተው እኮ ነው እማሆይ ግቢ የሚያርፉት» ትላለች አንዷ።

«በወፍ እየሞከረ ነው» ትላለች ሌላዋ።

ሚስቴ ይህን ሰምታ መጥታ ስትነግረኝ፣ «ተይ፣ የሰው ስም አታጥፉ» አልኳት። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ልቤ ሌላ ነበር። አንድ ጠዋት ጎረቤቴ በግድግዳው ሥር ነጭ ነገር ሲበትን አየሁት።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት በአጥሩ ላይ አንገቴን አውጥቼ።

«አመድ ነው። ጉንዳን ቤቴን ሊወርሰኝ ነው።»

እሱ ወደ ማሳው ሲሄድ ዞሬ ገባሁና ቆንጠር አድርጌ አሸተትኩት። አመድ አመድ ይሸታል። ቢሆንም ቤቴ ተመልሼ እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ።

ነገሩ በወሬ ብቻ ቢቀር ምንም አልነበረም። ግን ማኅበር አለን። የሚካኤል ማኅበር፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ተረኛው ቤት እንሰበሰባለን። ጸሎት ተደርጎ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ፣ ጽዋው በክብር ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። እሱም ቤቱ ወስዶ እስከ ወሩ ያኖረዋል። በጥር ጽዋውን የተቀበለው ጎረቤቴ ነበር። የካቲት የእሱ ነው። ጽዋ ከገባበት ቤት ድግሱ ሳይደገስ ተመልሶ ወጣ ማለት፣ ያንን ሰው ማኅበሩ ተፋው ማለት ነው። ማሳውን በደቦ የሚያርስለት አያገኝም፤ ሞት ቤቱ ቢገባ አስከሬን የሚሸከምለት የለም። ሰፈሩን ለቆ ከመሄድ በቀር ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አስተናባሪያችን፣ አንድ ቀን ሊጠይቀው ሲሄድ እኔንም አስከተለኝ። ትልቅ ሰው ነው፤ ጋሼ ነው የምንለው።

«እስቲ ያንን ጣሳህን አሳየን» አለው ደጅ እንደ ቆምን።

«ጋሼ፣ ጣሳ አይተው አያውቁም?»

«አውቃለሁ። የአንተን ነው ያላየሁት።»

«ዛሬ ጣሳዬን ገልብጬ ካሳየሁ ነገ ሆድህን ገልብጥ ትሉኛላችሁ።»

ይህን ጊዜ ሚስቱ ከጓዳ ሆና ሰማች። ባሏን ነፃ ያወጣች መስሏት፣ «ምን አስደበቀህ? ጌሾ እኮ ነው ያለበት። በአመድ ፈትጌ አጥቤ ጌሾ አደረግሁበት፤ አይጥ አይገባውም» አለች።

ጋሼ ዞር ብሎ አየኝ።

«የየካቲት ሚካኤልን ጠላ የምትጠምቂበት ጌሾ?» አላት።

«ታዲያ ለየትኛው ይሆናል?» አለች።

ስንመለስ ጋሼ መንገድ ላይ ቆም ብሎ፣ «ጽዋውን ብናነሣበት ነው የሚሻለው። ሰው አይጠጣለትም» አለ። እኔም ትንሽ ቀን ይስጡኝ ብዬ ብቻ ለመንኩት።

በዚያው ሰሞን ከአልዩ አምባ ጨውና በርበሬ ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ ነበር፤ ወደ ገበያ ሲወጣ አህዮቹን እኔ ደጅ ነው የሚያሳርፈው። አንዲት ዋኔ አጥሩ ሥር ወድቃ ስታጣጥር አየና አነሣት። አፏን በአውራ ጣቱ ፈልቀቅ አደረገ።

«እየው» አለኝ።

ጉሮሮዋ ውስጥ ቢጫ ነገር ተጋግሯል። አይብ ይመስላል፤ ሲነኩት ግን ጠንከር ይላል።

«ጉሮሮዋ ተዘግቶ በረሃብ ነው የምትሞት» አለ። «መርዝ ቢሆን እንዲህ አያከሳትም፤ ቶሎ ነው የሚደፋት። እኔ ቤት ርግብ አረባለሁ፣ አምና ይኸው በሽታ ፈጅቶብኛል። ከአንድ ውሃ ሲጠጡ፣ አንዷ የተፋችውን ጥሬ ሌላዋ ስታነሣ ነው የሚጋቡት። ወላሂ፣ ውሃውን ድፉት። ጥሬውንም ተዉት፤ ወፎቹ ይበተኑ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጎረቤቴ ቆላ ሳለ በዚህ ነጋዴ ቤት ያድር እንደ ነበር ትዝ አለኝ። ይህን ንግግር አስጠንቶ የላከው ቢሆንስ?

«ከጎረቤቴ ጋር ትተዋወቃላችሁ አይደል?» አልኩት እንደ ዋዛ።

ገባው። ሳቅ አለ። «አዎ፣ ወዳጄ ነው። ዋኔዋም ወዳጁ ከሆነች አፏን ከፍተህ እሷን ጠይቃት።»

እሱ ከሄደ በኋላ የሞተች ዋኔ ባገኘሁ ቁጥር አፏን እከፍት ጀመር። ሁሉም ጉሮሮ ላይ ያው ቢጫ ነገር አለ። ሰው ቤት በሌለበት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የወደቀችም አገኘሁ፤ እሷም እንደዚያው። የእኛ ድመት ደግሞ ከሞቱት አንዷን በልታ ፀሐይ ላይ ተጋድማ ትላላስ ነበር። ቀኑን ሙሉ ትወድቃለች ብዬ ስጠብቃት ዋልኩ። ማታ መጥታ ወተት ጠየቀችኝ።

ይህን ለእማሆይ ለመንገር መሄድ ከሁሉ ከበደኝ።

«ውሃውን ይድፉት ነው የሚሉት» አልኳቸው።

«ማን ነው የሚለው?»

«የአልዩ አምባው ነጋዴ።»

«እሱ ለልጄ ነፍስ ምን ገዶት?»

«እማሆይ፣ ለወፎቹ ብለን ነው።»

«እኔ የማጠጣው ወፍ መሰለህ? ልጄ ንዳድ ሲያቃጥለው ውሃ፣ ውሃ እያለ ነው የሞተው አሉኝ። አጠገቡ አልነበርኩም። አሁን ገበቴውን ገልብጭ ትለኛለህ?»

አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ሞቅ ሲል ዋኔዎቹ ወረዱ። አንዷ ክንፏን እየጎተተች መጣችና ምንቃሯን ገበቴው ውስጥ ነከረች። ውሃው ከአፏ ተመልሶ እየተዝረበረበ ሲወድቅ ሁለታችንም እናያለን፤ ከውሃው ጋር ያ ቢጫ ነገር አብሮ ወረደ። ከጎኗ ያለችው ደህናዋ ዋኔ ጎንበስ ብላ ከዚያው ጠጣች። እማሆይ በእጃቸው እሽ አሏት። ሄደችና ወዲያው ሌላ መጣ። እሱንም እሽ አሉ። ሲታክታቸው ተነሡ፣ ገበቴውን በእግራቸው ገለበጡት። ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ቤት ገቡ፤ በሩንም ዘጉ። የቀረውን ገብስ በማግሥቱ ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት ነዳያን እንዳከፋፍልላቸው ሰጡኝ። ስለ ነዳያኑ ምርቃት ግን አልጠየቁኝም።

ለጋሼ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ሰማኝ። «የወፏን ይሁን ብዬ ልመን፤ የጌሾውስ?» አለ። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ቢሆን ያ ጣሳ ለምግብ ባይውል ይሻል ነበር እላለሁ። ጋሼ ግን ጽዋውን ሳያነሣ ቀረ። «እንሄዳለን፤ መጠጣት አለመጠጣት የየራሱ ነው» አለ።

የሚካኤል ዕለት ሁሉም መጣ። የቀረ የለም፤ እንዲያውም ሌላ ጊዜ የማይመጣው ሁሉ ነበር። ጸሎት ተደረገ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ጎረቤቴ ጠላውን ይዞ ቆመ። በድሮ ወግ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ እኛ ግን እርስ በርሳችን ስለምንተዋወቅ ይህን ከተውነው ቆይተናል። ያን ቀን ግን ሁሉም የሚያየው እጁን ነበር። ገባው። መዳፉን እስኪፈስ ሞላና ጠጣ። እንደገና ሞልቶ ጠጣ።

«በቃ፣ አየን» አለ አንዱ።

«አላያችሁም» አለ ጎረቤቴ። «ከፈለጋችሁ እስከ ማታ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁኝ።»

ዋንጫው ሁሉ ተቀዳ። ይያዛል እንጂ ወደ አፍ አይሄድም። እኔም ይዤ ነበር። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ከንፈሩን ብቻ አስነክቶ ሲያስቀምጥ አየሁት፤ እሱም እኔ ምን እንደማደርግ በዐይኑ ይሰርቀኛል። የጎረቤቴ ሚስት ገንቦውን ታቅፋ ጓዳ በር ላይ ቆማለች። ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

እማሆይ ለማኅበር ወጥተው አያውቁም ነበር። በሩ ላይ ቆመው ስናይ ሁላችንም ብድግ አልን።

«ኖር» አሉ አንዳንዶች።

«በእግዜር፣ ተቀመጡ» አሉ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። «ለእኔም ቅጂልኝ ልጄ» አሏት ሴቲቱን።

ቀዳችላቸው። በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ዋኔዎቹን የፈጀቻቸው የእኔ ገበቴ ናት» አሉ። «በሽተኛውንም ደህናውንም ባንድ ላይ የጠራሁ እኔ ነኝ። ይኼ ልጅ ቆላ የወረደው የእኔን ልጅ የገደለውን በሽታ ለማጥፋት ነው። ይህን የምታወሩበትን አፍ አሁን ለጠላው አድርጉት።» ጠጡና ዋንጫውን ደፍተው አሳዩን።

ጋሼ ቀጥሎ ጠጣ፣ ፊቱን ትንሽ ቋጠር አድርጎ። ከዚያ እኔ። ከዚያ ሌላው። ሁሉም ጨረሰ ማለት አልችልም፤ መደቡ ሥር የተደፋ እርጥበት ስንወጣ አይቻለሁ። ቢሆንም ጽዋው ከዚያ ቤት የወጣው እንደ ወጉ ነው፤ ከጎረቤቴ እጅ ተቀብዬ ለመጋቢት ወደ ቤቴ የወሰድኩት እኔ ነበርኩ።

ዋኔዎቹ ወዲያው አልዳኑም። እየቀነሱ ሄዱ፣ በልጉ ሲዘንብ በየጉድጓዱ ውሃ ስላለ ተበታተኑ፣ ሞቱም አብሮ ቆመ። ገበቴው ነው ወይስ ዝናቡ፣ አላውቅም። ምንጭ ዳር ግን «መድኃኒቱ አለቀበት» ያሉ እንደ ነበሩ ሚስቴ ነግራኛለች።

በመጋቢት ማኅበሩ እኔ ቤት ሆነ። ጾም ስለነበረ ወደ ማታው ግድም ነው የተሰበሰብነው። ሁሉም ሲጠጣ ጎረቤቴ ዋንጫውን ይዞ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«ምነው፣ አልጣፈጠህም እንዴ?» አለችው ሚስቴ።

«ቀማሽ እየጠበቅሁ ነው» አለ።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ሚስቴ ፊቷ ልውጥ አለ። እኔ ተነሣሁ፣ ከእሱ ዋንጫ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁ፣ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ እሱ አንድ ትንፋሽ ሳይወስድ ጨለጠውና ጠላዋን አመሰገነላት።

በየሰዉ ቤት እንዲሁ አደረገ፤ ከዓመት ዓመት። አልተቆጣም፣ አልተጣላም፣ ማንም ከመቅመሱ በፊት ግን አንድም ጊዜ አልጠጣም። እኔ ቤት የመጣ እንደሆነ እስኪጠብቀኝ አላቆየውም ነበር፤ ገና ሲቀመጥ መዳፌን እዘረጋለሁ።