የሸዋዓለም ሙሉ ቅል

ሸዋዓለም እስከዚያ ክረምት ድረስ ገንዘብ ከፍላ የትም አድራ አታውቅም ነበር። በ1952 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ የፎገራ ሜዳ እንደ ልማዱ ውሃ ተኝቶበታል፤ ሰማዩ ከላይም ከታችም ሆኖ ላሞቹ ደመና መካከል የሚግጡ ይመስላል። ሣር ሲበዛ ወተት ይበዛል። ያን ጊዜ ግን መንገዱ በጭቃ ይጠፋና የቅቤ ነጋዴ ድርሽ አይልም። ስለዚህ የቁሐር ሚካኤል ስምንት ሴቶች ተመካክረው፣ ከየቤታቸው ምርጥ ምርጡን ቅቤ አዋጥተው ለማሳያ አንዲት ቅል ሞሉ። ጎንደር ላይ ሀሚዳ የምትባል ቅቤ ተረካቢ አለች ሲባል ሰምተዋል። ማሳያውን ከወደደችው ክረምቱን ሙሉ ትረከባቸዋለች፤ ካልወደደችው ቅቤው በየቤቱ ይሻግታል። ሸዋዓለም አንደበት አላት ተባለና ቅሏን እሷ ተሸከመች።

እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ወረታ ደረሰች። ከዚያ በጭነት መኪና ርብን ተሻግራ ጎንደር ስትገባ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። ሁልጊዜ የምታርፍባት አክስቷ ለለቅሶ አገር ቤት ወርዳ፣ በሯ ተቆልፏል። ሾፌሩ አዘነላትና ከአንድ ሆቴል በር አደረሳት።

የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ አማከለች የአልጋውን ዋጋ ነገሯት፤ ይህ አላስደነቃትም። ያስደነቃት፣ እግሯን አይተው ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይዘው መምጣታቸውና ዝቅ ብለው ማጠባቸው ነው። ከጣቶቿ መካከል የፎገራ አፈር እየለቀቀ ውሃውን ሲያጠቁረው ሸዋዓለም አየች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እግሯን ያጠበላት ሰው አልነበረም። አንሶላው ደግሞ ላሞች ጀርባ ላይ እንደሚያርፉት ወፎች ነጭ ነው።

ብሩ የአልጋው ነው፤ የእግሩስ በምን ይመለሳል? ቅሏን አወጣች። ግማሹን ልቁረስላቸው ብላ አሰበችና እናቷ ትዝ አለቻት፤ ጎደሎ ቅል ጎደሎ ምስጋና ነው ትል ነበር። ሙሉውን በሁለት እጇ አቀረበች።

ጧት ስትነቃ ነው የደነገጠችው። የስምንት ቤት ክረምት አሳልፋ ሰጥታለች። የሰጠችውን መልሱልኝ ማለት ደግሞ ከሞት አይሻልም። ባዶ እጇን ሄዳ ሀሚዳን በአፏ ልትለምን ስትወጣ፣ ወይዘሮ አማከለች ግቢው ውስጥ አገኟት። ሹርባቸው ላይ ቅቤው ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ፊቷ ለምን እንደጠቆረ ጠየቋት። ልትሸሽግ ሞከረች፤ አልቻለችም፤ ሁሉንም ነገረቻቸው።

ወይዘሮ አማከለች ባዶዋን ቅል አምጥተው አሳዩዋት። ግማሹ ከነቅመሙ ተነጥሮ ለወጥ ሆኗል፤ የቀረው ይኸው ራሳቸው ላይ ያለው ነው። ከዚያ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ።

"በይ እንሂድ። ማሳያሽ እግር አውጥቷል።"

ገበያ እስኪደርሱ ሰው ሁሉ እየዞረ አየ። ወይዘሮዋ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ይራመዳሉ፤ ሸዋዓለም ፀሐይ እንዳትወጣ ሚካኤልን ትለምናለች። ሚካኤልም ሰማ፤ የጎንደር ብርድ ቅቤው እንዲቀልጥ አልፈቀደም።

ሀሚዳ መጋዘኗ በር ላይ ተቀምጣለች። ወይዘሮ አማከለች ጎንበስ አሉላት። ሀሚዳ ከሹርባው ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ አሸች፤ አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች።

"ሆቴሉ አልበቃሽ ብሎ ራስሽንም ሱቅ አደረግሽው?"

"ስለ ቅቤው ተናገሪ፤ ስለ ራሴ አልጠየቅሁሽም።"

ሀሚዳ ወደ ሸዋዓለም ዞረች። ማሳያዋን ለምን ለሰው እንደሰጠች ጠየቀቻት።

"እግሬን አጠቡኝ" አለች ሸዋዓለም።

ሀሚዳ በጣቶቿ የቀረውን ቅቤ መዳፏ ላይ አሸች። "ለምስጋና እንዲህ ያለ ከሰጠሽ፣ ለገበያ የከፋ አታመጪም" አለች በመጨረሻ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ልትረከባት ተስማሙ። በቅል እንጂ በራስ እንዳይሆን ግን አስጠነቀቀቻት።

ሸዋዓለም ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ክረምት ተመላለሰች። አክስቷ ተመልሳ ብትቀየማትም፣ ማረፊያዋ ያው ሆቴል ሆነ። ከምትሸጠው ሌላ ሁልጊዜ አንዲት ቅል ለብቻ ትይዛለች፤ ስምንቱ ሴቶች ተራ ገብተው የሚሞሏት ናት። ወይዘሮ አማከለች በየጊዜው፣ ቅሏ የገበያ አለመሆኗን ሸዋዓለምን ሳያስምሉ አይቀበሏትም።

"የእርስዎ ናት" ትላለች ሸዋዓለም፣ ጭቃ እግሯን ወደ ገበቴው እየዘረጋች።