ቅቤ የጠጣው አግዳሚ

የሰፈሩ ልጆች «እማማ፣ የዚያን የአግዳሚ ነገር ይንገሩንና እንጻፈው» እያሉ አስቸገሩኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ከአፌ የወጣውን እነሱ ይጻፉት። ወሬዬ ከመንገድ ሲወጣ መልሱኝ ብያቸዋለሁ።

አግዳሚው በር እንደገቡ በስተቀኝ ያለው ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጉና ሥር ስንኖር ከዋንዛ የሠራው። ወደ ደብረ ታቦር ስንወርድ በበቅሎ አልጫን ብሎ ሁለት ሰው ተሸክሞት መጣ። አንደኛው ደከመኝ እያለ መንገድ ላይ ይቀመጥበታል፣ ሌላው ይሰድበዋል። እንዲህ እየተሰዳደቡ ነው ቤቴ ያደረሱት።

ከዚያ አረጀ። ጭስ አጠቆረው፣ መቀመጫው ተሰነጣጠቀ። ምራቴም ፕላስቲክ ወንበር ገዝታ አመጣች። ጥር ላይ የማርያም ማኅበር ተራዬ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ መምህር የሆነው ልጄ አግዳሚውን ዞሮ ዞሮ አየና፣

«እማ፣ ይኼ ለድግሱ ማገዶ ይሁን። የሰው ልብስ ቀዶ ያሳፍረናል» አለ።

«አባትህ የሠራውን ነው ማገዶ የምትለው?»

«አባቴ ቢኖር እሱ ራሱ ይፈልጠው ነበር።»

ይኼ ቃል አንጀቴን ቆረጠው። «በል እንግዲያ» አልኩት፣ «በማኅበሩ ቀን ነጭ የለበሰ ሰው ይቀመጥበት። ልብሱ ከተነካ አንተ ፍለጠው፣ እኔ አነደዋለሁ። ካልተነካ ግን እኔ በሕይወት እያለሁ ማገዶ የሚል ቃል አታነሣብኝም።»

«እሺ፣ እናያለን!» ብሎ ሳቀ።

አናጢዎች ብርጭቆ ወረቀት የሚሉትን ሻካራ ወረቀት አስመጣሁና ጓሮ ተቀምጬ ሦስት ቀን ፋቅሁ። ጥቁሩ ሲለቅ የዋንዛው መልክ ከሥር ብቅ አለ። ደስ አለኝ። ጥፋቴንም ያጠፋሁት ያን ጊዜ ነው። እንጨቱ የተሰነጠቀ ተረከዝ መስሎ አሳዘነኝ። እኛ ዘንድ ራስ ሲደርቅ ቅቤ፣ የአልጋ ጠፍር ሲደርቅም ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ አምጥቼ ከዳር እስከ ዳር ቀባሁት። ጠጣው! ደገምኩለት። በማግስቱ ቫርኒሽ ደረብኩበት።

አንድ ቀን ጠበቅሁ፣ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ አይደርቅም። ጣቴን ሳሳርፍበት እንደ ማር ይይዛል። ዝንቡማ አይወራ! ልጄ ከሥራ ሲመለስ አየውና፣ ምሳሩን አውጥቶ ይስል ጀመር።

ጎረቤታችን ያለውን አናጢ ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«እናቴ፣ ምን ቀብተውት ነው?»

«ቅቤ።»

«ሊቀመጡበት ነው ወይስ ሊድሩት?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስቆ ሲበቃው፣ ቅባት የያዘ እንጨት ላይ ቫርኒሽ እንደማይደርቅ አስረዳኝ። «ቅባቱ ካልወጣ አለቀለት። እንዴት እንደሚወጣ ግን እኔም አላውቅ፤ እንጨት ቅቤ የቀባ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።»

እሱ አያውቅ፤ እኔ አውቃለሁ። ቅቤ የጠጣ ነጠላ በእጄ ስንቱ ነጽቷል! እንዶድ ነዋ። ቫርኒሹን ፍቄ አነሣሁ፣ የደረቀውን ፍሬ ወቅጬ በሙቅ ውሃ በጠበጥኩ፣ አግዳሚውን በአረፋው አሸሁት። እንዶዱ አስነጠሰኝ፣ አስለቀሰኝ። ሦስት ጊዜ አጥቤ ከጉና ለሚመጣው ነፋስ ሰጠሁት። ሲደርቅ ውሃ ጠብ አደረግሁበት፤ ቅባቱ ሳለበት ይንከባለል የነበረው ውሃ አሁን ሰረገ። ያን ጊዜ ቫርኒሹን ሳሳ አድርጌ ሁለቴ ቀባሁት። የመጨረሻውን የቀባሁት ማኅበሩ አራት ቀን ሲቀረው ነው።

ቀኑ ደረሰና ቤቱ ሞላ። የነፍስ አባታችን ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰው ገቡ፤ ጋቢያቸው ገና ከሸማኔ የወጣ ነው።

«አባ፣ እዚህ ይሁኑ» አልኩና አግዳሚውን አሳየኋቸው።

ተቀመጡ፣ ደገፍም አሉ። ጸሎቱ ረዘመ፣ ጠላው ዞረ፣ ወሬው ከጸሎቱም ባሰ። እኔ ዓይኔን ከጋቢው አልነቀልኩም። በመጨረሻ ሊሄዱ ሲነሡ እኔም ብድግ አልኩ።

ጋቢው አብሯቸው ተነሣ። በጀርባቸው ዞሬ አየሁ፤ አንዲት ነቁጥ የለችበትም።

እልል አልኩ! ሴቶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሉኝ። አባ ደንግጠው «ምን ተገኘ?» ቢሉኝ፣ «አግዳሚዬ ከእሳት ወጣ!» አልኳቸው። ወደ ልጄ ዞር ብዬ፣ «መምህሩ፣ ምን ትላለህ?» ስለው አቀርቅሮ ሳቀና ጉልበቴን ሳመ። ያን ቀን የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ማገዶ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ምራቴ የነገረችኝ ግን ከስንት ዓመት በኋላ ነው። በማኅበሩ ዋዜማ እኔ ገበያ ወርጄ ሳለ፣ ልጄ የሠርጉን ነጭ ሱሪ ለብሶ አግዳሚው ላይ ከጫፍ ጫፍ ሲንፏቀቅ አገኘችው። «ምን ነካህ?» ብትለው፣ «የሚይዝ ከሆነ ዛሬውኑ ከቤት አወጣዋለሁ፤ እናቴ በሰው ፊት አታፍርም» አላት፤ እንዳትነግረኝም አስማላት።